የአንኮበር ጉምና የታምሩ ጌም

ሥራው ባልሰመረ ቁጥር መሣሪያውን የሚወቅስ ሰው አላጋጠመዎትም? እኔን አጋጥሞኛል፤ የእህቴ ልጅ ታምሩ ነው። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ስለ አንኮበር የኮምፒውተር ጌም ይሠራል። አባቱ አቶ ግዛው፣ «የማስተዋወቂያ ፊልሙ ካላሳመነኝ ፋብሪካ ትገባለህ» ብለውታል።

ፊልሙ ሊታይ አንድ ቀን ሲቀረው፣ «ጋሼ፣ ሶፍትዌሩ ጋቢ አይችልም!» እያለ መጣ። እውነትም በጌሙ ውስጥ ያለው ባለ ጋቢ ሰውዬ በተራመደ ቁጥር ክንዱ ጋቢውን በስቶ ይወጣል። ጋቢውን እናውልቅለት እንዳንል፣ በአንኮበር ብርድ ያለ ጋቢ የቆመ ሰው ማን ያምናል?

«በቃ፣ በጉም ልሸፍነው» አለ። በመንግሥት ሥራ ዘመኔ ጉድለትን በኮሚቴ የሚሸፍን አይቻለሁ፤ በጉም የሚሸፍን ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ጉሙ መጀመሪያ ክንዱን፣ ቀጥሎ ሰውየውን፣ በመጨረሻም ተራራውን በሙሉ ዋጠው።

በማግስቱ፣ አንኮበር ተወልደው ያደጉት አቶ ግዛው ነጩን ስክሪን በጽሞና ተመለከቱ።

«ይሄማ ራሱ አንኮበር ነው!» አሉ በመጨረሻ። «ሐምሌ ላይ እናቴን ልጠይቅ ስሄድ የማየው ይኸንኑ አይደል? ፋብሪካው ለጊዜው ይቆይ።»

ታምሩ ገና ሳይተነፍስ ቀጠሉ፦ «እስቲ ደግሞ የጥቅምቱን ሠርተህ አሳየኝ፤ ያኔ ሰማዩ ኩልል ያለ ነው።»