ክብርት ጥፋተኛችን

ቤተሰብ የሚባል ሁሉ አንድ ጥፋተኛ አለው። ቴሌቪዥን ባይኖረው እንኳ ጥፋተኛ አያጣም። የኛ ቤት ክብርት ጥፋተኛ የእናቴ ታናሽ እህት፣ ልብስ ሰፊዋ አክስቴ ነበረች።

ሹመቱን መቼ እንዳገኘች የሚያስታውስ የለም። ወተት ከገነፈለ እሷ ናት። አጎቴ ከሚስቱ ከተጣላ፣ በሠርጋቸው ቀን ፊቷን ያጠቆረች እሷ ናት። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጃንጥላ ይዛ ወጥታ ስለጠራችው ነው። ክርክር ሲሰለቻት "እኔ ነኝ፣ በቃ፣ ቀጥሉ" ትልና ወደ ስፌት መኪናዋ ትመለሳለች። ወዲያው ቤቱ ሰላም ይሆናል። ለወር የተኮራረፉት አያቴና አጎቴ ሳይቀሩ እሷን ሲወቅሱ ይታረቃሉ።

ይህን አንድ ቀን ራሷ ደረሰችበት። "ለካ ጥፋተኛ አይደለሁም" አለችኝ፣ "ማጣበቂያ ነኝ!" ብዙም ሳትቆይ መኪናዋን አሸክማ ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየች።

ወቀሳው ግን አጠያይቆ ደረሰባት። ከዓመት በኋላ የቤታችን ፍሪጅ ሲበላሽ አያቴ ደወለች።

"አንቺ፣ ፍሪጁን ምን አድርገሽው ነው?"

"እማዬ፣ ከቤት ከወጣሁ እኮ ዓመት አለፈኝ!"

"እኮ! ስትወጪ በሩን እንዴት እንዳላተምሽው ረሳሽው?"

የድሮዋ አክስቴ ብትሆን "እኔ ነኝ" ትል ነበር። የአሁኗ ሳቀች። "እማዬ፣ ፍሪጅ ሲበላሽ ጠጋኝ ነው የሚጠራው።" ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ ስላላት፣ ያስገባሁላት ልጠይቃት ሄጄ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ሹመቱ ክፍት ሆነ ማለት ነው። ቤቱ ዙሪያውን ቃኘና ድምጿ የማይሰማ አንዲት ልጅ አገኘ፤ እኔን።

ባለፈው እሑድ አክስቴ ልትጠይቀን እንደመጣች የጣሪያው የውኃ ታንከር ሞልቶ ፈሰሰና ኮሪደሩን አጥለቀለቀው። አያቴ ወደ እኔ ዞረች። አጎቴም ዞረ። ውኃውን ወደ ታንከሩ ወደሚገፋው ፓምፕ ዝር አላልኩም፤ ቢሆንም "እኔ…" ብዬ ጀመርኩ።

"ተይ!" አለች አክስቴ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ውኃው መሃል ቆማ። "ይህ የሥራ መደብ ተሰርዟል።"

"ታዲያ ማን ሊሆን ነው?" አለ አጎቴ።

"እኔም እሱን እየጠበቅኩ ነው፣ ወንድም ጋሼ።"

ውኃው አሁንም ይንጠባጠባል። በመጨረሻ አጎቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ጠዋት መኪናዬን ሳጥብ… ፓምፑን ሳላጠፋው ቀርቼ ይሆናል።"

ሰማይ አልተደረመሰም። አያቴ "አይ አንተ!" ብላ መወልወያውን አቀበለችው፤ እሱም ሱሪውን ሰብስቦ መወልወል ጀመረ።

አክስቴ ወደ እኔ መጣች። በሙያዋ ዓይን ከላይ እስከ ታች አየችኝና ሁለቱን ትከሻዎቼን በመዳፏ ወደ ኋላ ገፋ አደረገቻቸው።

"ቀና በይ እንጂ፣ የኔ እናት" አለችኝ። "በዚህ ጉብጠት ለክቼሽ ቀሚስ አልሰፋልሽም።"

ቀና አልኩላት።