ዘይነብ ያላሳየችው ካርታ

ኢንጂነር ነኝ ስትሉ ሰው ወዲያው የተበላሸ ነገር ያመጣላችኋል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ላስተምር ሚዛን ተፈሪ ከገባሁ ጀምሮ ያልመጣልኝ ነገር የለም፤ ምድጃ መጥቷል፣ ጄኔሬተር መጥቷል፣ አንድ ጊዜማ ጎረቤቴ ድምፁ የጠፋ የሰርጓን ቪዲዮ ይዛ መጥታለች። የተማርኩት የማሽን ዲዛይን ነው ብሎ ማስረዳት ዋጋ የለውም፤ ሰዉ ትዕቢት ይመስለዋል። የማጠናው የቴክኖሎጂ ሥነ ምግባር ነው ብትሉ ግን ማንም ምንም አያመጣላችሁም። ምን ያምጣ? የተበላሸ ሕሊና እንደሆነ በፌስታል አይያዝ።

የሥራ ባልደረባዬ ዶክተር ዘይነብ ሁለቱንም ናት፤ ኢንጂነርም፣ የሥነ ምግባር መምህርም። የቴፒ ልጅ ናት። አባቷ ከጅማ በኩል መጥተው እዚያ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ናቸው። ኤሌክትሮኒክስ ተማረች፣ ዶክትሬቷን ውጭ አገር ሠራች፣ አገር ምድሩ እዚያው ትቀራለች ብሎ ሲጠብቅ ሻንጣዋን ይዛ ወደ እኛ ጭቃ ተመለሰች። ጠዋት ጠዋት ስለ ኤሌክትሪክ ታስተምራለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስለ ሕሊና። ተማሪዎቻችን የከሰዓቱን ትምህርት ማርክ መልቀሚያ አድርገው ነበር የሚያዩት፤ የመመረቂያ ሥራቸውን ይዘው ፊቷ እስኪቀርቡ ድረስ። ዘይነብ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ታዳምጥና፣ ይህን ስትሠሩ ማንን ጠየቃችሁ ትላለች። በዚህች ጥያቄ ስንቱ ጎበዝ አልቦታል መሰላችሁ? ኋላ ኋላ ስሟን «ዶክተር ማንን ጠየቃችሁ» አሏት። እኔም አብሬ ስቄያለሁ፤ ሳቁ የቆመው ተራው የእኔ ሲሆን ነው።

ነገሩ የማር ነው። ሸካ ውስጥ፣ ከጌጫ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ጫካ ቀፎ የሚሰቀለው ከረጅም ዛፍ ጫፍ ነው። ማሩ መድረሱን ለማወቅ ባለቤቱ በገመድ ይወጣል፤ ካልደረሰ ባዶ እጁን ይወርዳል። አንዳንዱም ሳያስበው ይወርዳል። አቶ ወልዴ የሚባሉ ቀፎ ሰቃይ ወዳጃችን እስከ ዛሬ የሚያነክሱት እንደዚያ ወርደው ነው። ዘይነብ ይህን ስታይ አንድ ዘዴ አሰበች። ከቀፎው ሥር የምትቀመጥ፣ ቀፎውን የምትመዝን፣ የንቦቹን ድምፅ የምታዳምጥና ማሩ ሲደርስ በባለቤቱ ስልክ የምታሳውቅ መሣሪያ ሠራች፤ በአቶ ወልዴና በጎረቤቶቻቸው ቀፎዎች ላይም በፈቃዳቸው ሞከርናት። የመሣሪያዋን ሳጥን የሠራሁት እኔ ነኝ። ያ ሳጥን ባይኖር የሸካ ዝናብ ያን ሁሉ እውቀት በአንድ ቀን ያጥበው ነበር፤ ይህን ግን ማንም አያነሳልኝም።

ሥራው ሲያልቅ ከአዲስ አበባ ገምጋሚዎች መጥተው እንዲያዩት ተወሰነ። እነሱ ካመኑበት ዘይነብ ተባባሪ ፕሮፌሰር ትሆናለች፣ መሣሪያውም ለሌሎች ቀፎዎች ይሠራል። ካላመኑበት የዚያ ሁሉ ዓመት ልፋት መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ታዲያ እኔ ለእንግዶቹ አንድ የሚያስደምም ነገር ላዘጋጅ ብዬ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ካርታ ሠራሁ። መሣሪያዎቹ ያሉበትን ቦታ ስለሚናገሩ ጫካውን በአረንጓዴ ዘርግቼ እያንዳንዱን ቀፎ ቢጫ መብራት አደረግሁት፤ ከመብራቱ ሥር የባለቤቱን ስም ከነአባቱ ጻፍኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ካርታው ቆንጆ ነበር።

ዘይነብ ያየችው በዝግጅቱ ዕለት ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ነው። ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበች። እኔም አድናቆት መስሎኝ ምስጋናዬን ለመቀበል አንገቴን ሰበር አድርጌ ቆምኩ። እሷ ግን ሰዎቹ የፈቀዱልን ንቦቻቸውን እንድናዳምጥ እንጂ ጫካቸውን እንድናሳይ አይደለም አለችኝ። በዚያ አገር ሰውን ዕድሜውን ብትጠይቁት ይነግራችኋል፤ ስለ ትዳሩም ብትጠይቁት ያወራችኋል። ቀፎህን የት ሰቀልክ ማለት ግን እጅን ሰው ኪስ ውስጥ እንደመክተት ነው። እኔ፣ ስማቸውን በትልቁ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል ብዬ ተከራከርኩ። እንጠይቃቸዋ፣ አለች።

ባለቀፎዎቹ ተጋብዘው መጥተው ካፍቴሪያው ውስጥ ሻይ ይጠጡ ነበር። አንድ በአንድ ለብቻቸው አነጋገረቻቸው። አቶ ወልዴ ካርታ ድንቅ ነገር መሆኑን መሰከሩ፣ የራሳቸው ቀፎ ግን ባይታይ እንደሚመርጡ ተናገሩ። የጎረቤታቸው ቢታይ ግን ክፋት የለውም አሉ፤ እንዲያውም ቀረብ ብለው ለማየት ከፊት ወንበር ይያዝልኝ አሉ። ቀጥሎ የተጠየቀው ጎረቤታቸው ደግሞ የራሱን ከልክሎ የአቶ ወልዴን ፈቀደ። ሁሉም እንዲሁ። በአጭሩ፣ ሁሉም ሰው የጎረቤቱን ቀፎ ፈቅዷል።

ዝግጅቱ መልካም ሄደ። ዘይነብ ከአንድ ቀፎ የተቀዳውን ድምፅ ስትከፍተው አዳራሹ በንብ ተሞላ፣ ገምጋሚዎቹም እርስ በርስ ተያዩ። በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ግን የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ፣ ሽበታም ፕሮፌሰር፣ አንድ ካርታ አለ ሲባል ሰምቻለሁ፣ እሱን እንየው አሉ። ከማን ሰሙ አትበሉኝ። ቁርስ ላይ አጠገባቸው የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።

ዘይነብ ካርታው መኖሩን፣ ቆንጆ መሆኑንም አልካደችም። ባለቤቶቹ ስላልፈቀዱ ግን አላሳይም አለች። ሰብሳቢው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው ማር ልንሰርቅ አይደለም ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«እርስዎን ማመን የእኔ ፈንታ ነው» አለች፤ «ቀፎው ግን የእነሱ ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ካርታውን ከኮምፒውተሩ ጨርሰህ አጥፋው አለችኝ። እዚያው ሰው ፊት አጠፋሁት። ከፊት ወንበር የተቀመጡትን ባለቀፎዎች አየኋቸው፤ የጎረቤታቸውን ቀፎ ሳያዩ በመቅረታቸው ትንሽ ቅር ብሏቸዋል፣ ግን ሁሉም ዘይነብን በዚያ ቀን ገና እንዳወቋት አድርገው ነበር የሚያይዋት። እኔም ኮራሁባት። የደከምኩበት ሥራ ሲጠፋ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ገምጋሚዎቹ ውሳኔው ይቆይ ብለው ሄዱ። ይቆይ የተባለ ነገር በእኛ ግቢ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ምሳ አልበላልኝም፤ እሷ በላች።

ትንሽ ሰንበት ብሎ ሰብሳቢው ደወሉላት። ለካ የጌጫ ሰው ኖረዋል። አባታቸው በስተርጅና አሁንም ዛፍ ላይ ይወጣሉ፣ ልጅየው እንቅልፍ አጥተዋል፣ መሣሪያው ለአባቴ ቀፎ ይግባልኝ ነው የሚሉት። እኔ ይህን ስሰማ ማዕረጉ ገባ ብዬ እጄን አፋተግሁ። ዘይነብ ምን ብላ መለሰች? ጉዳዬ እርስዎ ፊት እያለ አላስገባም፣ መጀመሪያ እሺም ይሁን እምቢ ወስኑ፣ ስለ ቀፎው ከዚያ በኋላ እናወራለን።

«ዘይኑ፣ ሰውየው እኮ ማዕረግሽን በእጃቸው ይዘውታል» አልኳት።

«ለዚህ እኮ ነው» አለችኝ።

ሰብሳቢው ስብሰባው ላይ ምን እንዳደረጉ የሰማሁት ኋላ ከገምጋሚዎቹ ከአንዱ ነው። ይህችን ሴት ለቤተሰቤ ጉዳይ ለምኛታለሁ፣ እናንተ ወስኑ ብለው ወንበራቸውን ለቀው ወጡ። የቀሩት ሥራዋን እንደገና መርምረው ማዕረጓን አጸደቁላት። እኔ ብዙ የተማረ ሰው አይቻለሁ። የራሱን ሕሊና ጠብቆ፣ ሳይናገር የሌላውንም ያስጠበቀ ግን ከዘይነብ በቀር አላየሁም።

ከዚያማ ቃሏን ልትፈጽም ወደ ጌጫ ወጣን፤ አቶ ወልዴም መንገድ መሪና አስተርጓሚ ሆነው አብረውን ሄዱ። የሰብሳቢው አባት ቀጭን፣ ቀልጣፋ ሽማግሌ ናቸው። ዘይነብ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ አስረዳቻቸው፤ ማሩ ሲደርስ ብቻ እንዲወጡ እንደሚረዳቸው፣ ግን ቀፎው ያለበትንም ቦታ እንደሚያውቅ አልደበቀችም። ቦታውን ማን ቢያይ ይፈቅዳሉ ብላ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው አሰብ አደረጉና መለሱ።

«ጎረቤትም ይየው፣ መንግሥትም ይየው። ያ ልጄ ብቻ እንዳያይ። የምወጣበትን ዛፍ ካወቀ ይከለክለኛል።»

ዘይነብ በሙሉ ልብ እሺ አለች፤ ልጅየውም ቢጠይቋት አባትዎ አልፈቀዱም ብላ እንደምትነግራቸው ጨመረች። እኔ አንጋጥጬ ወደ ዛፉ ጫፍ አየሁ፤ ቀፎው ከታች አይታይም። ማዕረጉ ቀድሞ በመጽደቁ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።