ኒካህ በሰባት ንብርብር

ፕሮቶኮል የሚለውን ቃል ስትሰሙ መጀመሪያ ዓይናችሁ ላይ የሚመጣው ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደሚቀመጥ የሚያውቅ፣ እናንተን ግን ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚሸኝ ሰው ነው። አይደል? እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በኋላ ተምሬ፣ ይባስ ብዬም አስተማሪ ሆኜ፣ ከደብረ ብርሃን ሐረር ተመድቤ፣ ኮምፒውተሮችም ለመነጋገር ደንብ እንደሚያስፈልጋቸው ለወጣቶች ስነግር ይኸው ስድስተኛ ዓመቴ። ማን ቀድሞ ሰላም ይላል፣ ማን «ደረሰኝ» ብሎ ይመልሳል፣ ያልተሰማው እንዴት ይደገማል፤ ይህ ሁሉ ስምምነት ነው። ሥራው ደግሞ በሰባት ንብርብር ይከፈላል። ከላይ በጣታችሁ የምትነኩት አፕ፣ ከታች ገመዱና ኤሌክትሪኩ። በመሐል ያሉት አምስቱ ፈተና ላይ የሚወጡ ናቸው።

ይህን ሰሌዳ ላይ ስስለው ያምርብኛል። ችግሩ ሰው አምኖኝ ቤቱ ሲጠራኝ ነው።

የምኖረው ጁገል ውስጥ፣ ከኤረር በር ሳልርቅ ነው። ጎረቤቴ ወይዘሮ ነጂማ ልጃቸውን ሰዓዳን ሲድሩ እኔም ተጠራሁ። የሰዓዳ አባት አቶ አብዱረሕማን ዐረብ አገር ሹፌር ናቸው፤ አሠሪያቸው ፈቃድ ስለከለከላቸው አልመጡም። ልጅቱን የሚድረው ወሊዋ፣ ማለትም አባቷ ነውና፣ በቪዲዮ ቀርበው ወንድማቸውን ወኪል ሊያደርጉ፣ ሼኹም ፊታቸውን አይተው ድምፃቸውን ሰምተው ኒካሁን ሊያስሩ ተስማሙ። በስልክ ገመድ የሚመጣ ዋይፋይ የገባው ለዚሁ ተብሎ ነው። ጠዋት ሲሞከር ጥርት ብሎ ሠራ። አባትየው ቤቱን አዩ፣ ተደሰቱ፣ «ያ ግድግዳ ግን ባዶ ሆነብኝ» አሉ።

ሰዓቱ ደረሰ። ሙሽራው ከነሽማግሌዎቹ ተደርድሯል፤ ሼኹ ከፍ ካለው መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ስልኩ ትራስ ተደግፎ ቆሟል። ተደወለ። ምንም። እንደገና ተደወለ። ክቡ ይሽከረከራል እንጂ አባት የለም።

«መምህር አለ አይደል?» አለ አንዱ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

የሞባይል ኔትወርክ እንዳንሞክር፣ በዚያ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ቤት ኔትወርኩ እንደ እንግዳ ደጃፍ ላይ ጫማውን ያወልቃል፤ እሱ ግን አይገባም። ወጥተን መንገድ ላይ እናድርገው ሲባል ሼኹ ፊታቸውን አኮሳተሩ። ፈላና በር ደግሞ ሌላ ኒካህ ይጠብቃቸዋል።

እኔ ከላይኛው ንብርብር ጀመርኩ። አፑን ዘግቼ ከፈትኩ። አልሆነም። አጥፍቼ እንደገና ልጫን ብዬ አጠፋሁት፤ ከዚያ ለመጫን ኢንተርኔት እንደሚያስፈልግ ትዝ አለኝ። የሙሽራው አጎት ስልካቸውን አዋሱን። ወደ መሐሉ ወረድኩ፤ አድራሻ መረመርኩ፣ ቁጥር ቀየርኩ፣ ማንም የማያውቃቸውን ቃላት ጮክ ብዬ አጉረመረምኩ። ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣበቀ። ወይዘሮ ነጂማ ሴቶቹ ካሉበት መጋረጃ ኋላ «ያ ረቢ» ሲሉ ይሰማኛል። ሼኹ ሰዓታቸውን አዩ። ሙሽራው ደግሞ እኔን አየኝ፤ እንደዚያ ሆኖ የሚያይ ሰው ዳግም አይግጠመኝ።

ያኔ ኡማ ዘይነብ፣ የአቶ አብዱረሕማን እናት፣ ከጥጉ ሆነው ተናገሩ።

«ልጄ፣ ጠዋት ሠርቶ አልነበር? ከዚያ ወዲህ ምን ነገር ነካካችሁ?»

«ምንም!» አለች የሙሽሪት አክስት። «እኔ ያንን የአክርማ ስፌት ብቻ ነው ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት። አብዱረሕማን ባዶ ነው ስላለ።»

ስፌቱን አነሳነው። ቀይ ቀለም ተቀብቶ ከግድግዳው ጋር የተመሳሰለውን የስልክ ገመድ፣ ስፌቱ የተሰቀለበት ሚስማር መሐል ለመሐል ወግቶታል። አንደኛው፣ የመጨረሻው ታችኛ ንብርብር። ለተማሪዎቼ «ሁልጊዜ ከገመዱ ጀምሩ» እያልኩ የምጮኸው ሰው እኔ ነኝ፤ እባካችሁ አትንገሩብኝ። በወጥ ቤት ቢላ ልጬ፣ ጠምዝዤ፣ በፕላስተር አሰርኩት።

መስመሩ መጣ፤ ግን እያነከሰ። አባትየው ብቅ ብለው «ወንድሜን… ወኪል…» ይሉና ይቆራረጣሉ። ሰው ሁሉ «በቃ ገብቶናል!» አለ። ሼኹ እጃቸውን አነሱ።

«ያልሰማሁትን ሰማሁ አልልም። አብዱረሕማን፣ ‹ወንድሜን› እስከሚለው ደርሶኛል። ከዚያ ድገም።»

ደገሙ። ተቆረጠ። አሁንም ደገሙ።

«አሁን ሁሉም ደረሰኝ። አንተስ ሰማኸኝ?»

«ሰማሁዎት፣ ያ ሼኽ።»

«አልሐምዱሊላህ። እንቀጥል።»

እኔ ይህን የ«ደረሰኝ»ና የ«ድገም» ደንብ ለማስረዳት ሦስት ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኛል፤ ተማሪውም ያንቀላፋል። እዚያ ግን ሁሉም አንገቱን አስግጎ ተከታተለ። ኒካሁ ታሰረ፣ እልልታው ቤቱን ሞላው፤ ሼኹም ወደ ፈላና በር ገሠገሡ።

በግርግሩ መሐል ስልኩን ዘወር ብዬ ሳየው አባትየው አሁንም አሉ። ምስሉ እንደ መስተዋት ጠርቷል። ብቻቸውን፣ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ በእጃቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። አንስቼ ለእናታቸው ሰጠኋቸው። ኡማ ዘይነብ ስልክ መስሚያ መሆኑን ነው የሚያውቁት፤ ጆሯቸው ላይ ልጥፍ አደረጉትና ማውራት ጀመሩ። እኔ ደንግጬ ጎንበስ አልኩ፤ «ኡማ፣ እንዲያይዎት ፊት ለፊት ይያዙት፤ አሁን የሚታየው ጆሮዎ ብቻ ነው» አልኩ።

«ተዋት፣ መምህር» አለ ከስልኩ ውስጥ የመጣው ድምፅ። «ጆሮዋም ናፍቆኝ ነበር።»