ሽርጥ የታጠቀው ዘንዶ

የፍቅር ልብ ወለድ አላነብም የሚል ወንድ ካጋጠማችሁ አትመኑት፤ ወይ ውሸታም ነው፣ ወይ ሽፋኑን በጋዜጣ ጠቅልሎታል። እኔ መጠቅለሉን ረሳሁና ጉድ ፈላብኝ!

ደባርቅ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ፈረንጅ እንግዶቼ ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ሳንቃ በር ከሚባለው ሰፈር ድንኳናቸውን ሲነቅሉ ያነበቡትን መጽሐፍ ይተዉልኛል። ሌላው አስጎብኚ ጫማና ጃኬት ይደርሰዋል፤ ለእኔ ጠንቋይና ዳቦ ጋጋሪ። ደስታዬ ይኸው ነው፣ ምን ታደርጉኛላችሁ? በእነዚህ መጻሕፍት ማንም አይሞትም። አኩራፊ ጠንቋይ አለ፣ ሳቂታ ዳቦ ጋጋሪ አለች፤ እንደሚጋቡ ከሁለቱ በስተቀር ሁላችንም ከመጀመሪያው ገጽ እናውቃለን።

የሰሞኑ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ደግሞ ሽርጥ የታጠቀ ትንሽ ዘንዶ ዳቦ በትሪ ይዞ ፈገግ ብሏል። የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ሲቀረኝ መደብ ላይ ትቼው ሥራ ወጣሁ። ከዳባት ሊጠይቁን የመጡት አማቴ አዩት፤ የአስማት መጽሐፍ ነው ብለው የነፍስ አባታችንን አስጠሩ። ቤት ስደርስ ቄሱ መስቀል፣ አማቴ ክብሪት ይዘው ጠበቁኝ።

«ዘንዶ የምናውቀው ከጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር ነው» አሉ አማቴ። «ሽርጥ ታጥቆ ዳቦ ሲያዞር አላየንም። ይቃጠል!»

«የፍቅር ታሪክ ነው፣ አባቴ» አልኩ ወደ ቄሱ ዞሬ። ይህን ስል ነገሩ ባሰ።

«ሳይሰሙ መፍረድ ነውር ነው» አሉ ቄሱ። «እስኪ በአማርኛ አንብብልን።»

ምን አማራጭ አለኝ? ጀመርኩ። ሁለቱ ዝናብ ሲያባርራቸው ማረፊያ ቤት ይገባሉ፤ ያለው አልጋ ግን አንድ ብቻ! እናንተ ታውቁታላችሁ፣ በእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ አልጋ ሁልጊዜ አንድ ነው። ልቤ ድው ድው ይላል…

«መደብ የለም?» አሉ አማቴ።

«መደብ… አልተጻፈም።»

«ቁርበትስ? እሷ አልጋው ላይ፣ እሱ ቁርበቱ ላይ። ይኼ ምኑ ያስጨንቃል?»

ቄሱን የከነከናቸው ሌላ ነው። «ይኸን ሁሉ መንገድ አብረው ሲሄዱ ሽማግሌ አልላከም?»

«አልላከም፣ አባቴ።»

«ይኸን ሁሉ ገጽ?» ከልባቸው አዘኑ። አስማቱን ረስተውታል።

ንባቡ ቀጥሎ ዳቦ ጋጋሪዋ ከጠንቋዩ ጋር በማይረባ ነገር ተጣልታ ጓዟን ጠቅልላ ስትወጣ ቄሱ ብድግ አሉ። «በቃ፣ ሰምተናል። ይቃጠል ካላችሁም ይቃጠል።»

አማቴ ክብሪቱን መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። «ሳይጋቡማ አይቃጠልም!»

በዚሁ ተፈረደ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይነበባል፤ በተጋቡ ማግስት ይቃጠላል።

አሁን ለማንም እንዳታወሩ፦ ተጋብተዋል። የመጨረሻውን ምዕራፍ የዚያኑ ዕለት ሽንት ቤት ገብቼ ጨርሼዋለሁ። ደግሞ እንዴት ያለ ሠርግ! እንባዬ መጣ። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለእሳት መስጠት አንጀቴ አልቻለም። ስለዚህ እሑድ በመጣ ቁጥር መጽሐፉን እገልጥና ከራሴ እፈጥራለሁ፤ ጠንቋዩ ታመመ፣ ልጅቱ ለአክስቷ ልቅሶ አገር ቤት ወረደች… ባለፈው ምክንያት ቢያልቅብኝ «ዐቢይ ጾም ገባ» አልኩ። ቄሱ በጣም ደስ አላቸው።

ትናንት አማቴ ጠሩኝ። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሥተዋል፤ ቄሱም ዘንጋቸውን ይዘው በራፍ ላይ ቆመዋል።

«ልጄ፣ የእነዚህ ልጆች ጋብቻ የሚጓተተው ሽማግሌ የሚሆን ሰው ጠፍቶ ነው። እኔና አባ እንሄድላቸዋለን። አገራቸው ወዴት ነው?»

«እማማ፣ መኪና አይገባበትም» አልኩ።

«በበቅሎስ?»