ሦስት ሺህ በግ ያለው ሰው በካራ

ሰው ያለውን ሁሉ ያውቀዋል ማለት አይደለም። ሰባት ወልዳ የአንዱንም ጠባይ የማታውቅ እናት አለች፤ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ይዞ ምክር ፍለጋ ሰው ቤት የሚዞርም አይቻለሁ። እኔ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ስሜን መጻፍ እንደቻልኩ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ በግ ግን አውቃለሁ። ካራ ውስጥ ለበዓል በግ የሚገዛ ሰው እኔን ሳያስከትል ገበያ አይወጣም። መሬታችን ለልማት ተፈልጎ ከገበሬነት ከተሰናበትን ወዲህ የቀረኝ ማዕረግ ይሄ ነው። ማሳውን በሜትር ለክተው ወሰዱት፤ የእጄን እውቀት የሚለካ ሜትር ግን አላመጡም።

ይህችኑ ማዕረጌን ሊቀማ ሰው ከአውስትራሊያ ድረስ ይመጣል ብላችሁ ታስባላችሁ?

ልጄ ጫልቱ ጴንጤ ናት፤ እኔ የሚካኤል ነኝ። በዚህ ተጣልተን ታርቀናል፣ እሱን ተዉት። በቤተክርስቲያኗ በኩል የመጣ ሮስ የሚባል እንግዳ የፋሲካን ሰሞን እኛ ቤት አረፈ። ፊቱን ፀሐይ የጠበሰው፣ እጁ አካፋ የሚያህል ገበሬ ነው። ስንት በግ አለህ አልኩት በልጄ አፍ። ሦስት ሺህ አለ። ጫልቱ አሳስታ የተረጎመች መስሎኝ ሁለት ጊዜ አስጠየቅኋት።

ስለ አገሩ ሲያወራ ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ከተማቸው አንድ ሱቅ፣ አንድ ማደያና አንድ አዳራሽ ነው። ጎረቤት የሚሉት በመኪና ግማሽ ሰዓት ተነድቶ የሚደረስበትን ሰው ነው። ግን እሳት የተነሳ እንደሆነ ያ ሁሉ የተራራቀ ሰው ውሃ ጭኖ ይደርሳል። ገበሬ ታሞ ሰብሉ ማሳ ላይ ከቀረ ጎረቤቶቹ ማጨጃቸውን ነድተው በአንድ ቀን ያነሱለታል። ይሄማ ደቦ ነው አልኩት። እኛ መሬቱን ስናጣ ደቦውም ጠፋብን፤ ለካ አውስትራሊያ ገብቶ ኖሯል።

በዓመት አንድ ቀን ደግሞ ከአዳራሹ ጀርባ በግ ያወዳድራሉ። በውድድሩ የተሸነፈ ሰው የዚያን ዕለት አገሩ ሁሉ የበላበትን ሳህን ያጥባል። አንተስ ስንት ጊዜ አጠብክ ብዬ ብጠይቀው፣ አንድም ቀን አለ። በዚህም አላበቃም፤ የፋሲካችሁን በግ እኔ ልምረጥላችሁ አለ።

ጫልቱ ይህን ስትተረጉም ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነው። የሰፈሩን በግ የሚያርደው ጎረቤታችን ገመቹ ግን በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ዘነቡ፣ ዘንድሮ ጡረታ ሊያወጡዎት ነው አለኝ።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ። እንግዳንም ግን እምቢ አይሉትም። እሱ አንድ ይምረጥ፣ እኔም አንድ ልምረጥ፤ ገመቹ ያርዳል፣ ሰፈሩ ይፈርዳል፣ የተሸነፈም በአገሩ ወግ ያጥባል አልኩ። ሳህን ማጠብ እኛ ዘንድ ቅጣት ስላልሆነ ጨጓራ እንዲሆን ተስማማን። እኔ ብሸነፍ ጨጓራው ምንም አይደለም፤ ዕድሜ ልኬን ያጠብኩት ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ማን በግ ያስመርጠኛል?

ገበያ ወጣን። ሮስ አንዱን በግ ጠጋ ብሎ ፀጉሩን በሁለት እጁ እንደ መጽሐፍ እየገለጠ ያነብ ጀመር። ሻጩ ቅማል የሚፈልግ መስሎት ተቆጣ። ለካስ እሱ አገር በግ የሚኖረው ለሱፉ ነው። እኔ ላት ስዳብስ ቢያየኝ ደግሞ እሱ ሳቀ፤ እነሱ በግልገልነቱ ጅራቱን ይቆርጡታል፣ ዝንብ እንዳያስቸግረው። ለአይጥ ብሎ ጎተራ ማቃጠል ይሏል ይሄ ነው።

የመረጠው በግ ነጭ፣ ቁመተ ረጅም፣ ጋቢ የደረበ የአገር ሽማግሌ የሚመስል ነው። የእኔ አጭር፣ ፀጉሩ የሳሳ፣ መልኩም ለማየት የማይጋብዝ ቀይ በግ፤ ነገር ግን ሽንጡን ስጨብጠው ጣቴ አጥንት አላገኘም። ሁለቱን እየነዳን ስንመለስ ሰው ሁሉ የሱን ነጭ እያየ፣ የኔን እያየ፣ እትዬ ዘነቡ አረጁ ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። የዚያን ዕለት ምግብ አልበላልኝም፤ ጾም ነው ብዬ ሸፈንኩት።

የፋሲካ ጠዋት ገመቹ መጀመሪያ ነጩን አርዶ ሰቀለ። ጋቢው ሲገፈፍ ከውስጡ ሁለት ወር አብሮን የጾመ ምእመን ወጣ። ቀጥሎ የኔን ገፈፈ፤ ስቡ ፀሐይ ላይ አበራ፣ ላቱ ብቻውን አንድ ድስት ይሞላል። ገመቹ ቢላውን ጠራርጎ ፈረደ፦ ይሄኛው በግ ፋሲካን ከእኛ ቀድሞ ነው የፈሰከው አለ። ሰፈሩ አጨበጨበ። እኔ ነጠላዬን ማስተካከል ብቻ ነበር ሥራዬ።

ሮስ ወንድ ነው፣ አልተከራከረም። ባርኔጣውን አውልቆ እጅጌውን ሰበሰበና ውሃ ወዴት ነው አለ። ጫልቱ፣ እማዬ ኧረ እንግዳ ነው ብላ ቆነጠጠችኝ። የገዛ አገሩን ሕግ ላፈርስበት ነው? በርጩማ አስመጥቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። እዚያ ጋ ቀርቷል፣ እጥፋቱን ግለጠው እያልኩ አሳጠብኩት፤ እሱም እያፏጨ አጥርቶ አጠበ። ወንዶቹ አጥሩን ተደግፈው ይስቃሉ፤ ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው ገመቹ ነው።

ይኼኔ የገመቹ ሚስት በላይነሽ ከቤቷ የራሳቸውን በግ ጨጓራ በሳፋ ይዛ ወጣችና ባሏ እግር ሥር አስቀመጠችው። ሦስት ሺህ በግ ያለው ሰው ካጠበ፣ አንድ በግ ያለህ አንተ ምን ያንስብሃል አለችው፣ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ። ሳቁ በዚያው ቆመ። እኩለ ቀን ሳይሆን ከሰፈራችን ቧንቧ ዙሪያ ሳፋ ያልያዘ ባል አልነበረም።

ገመቹ አሁን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ፣ ምን አለ ያን ቀን ለእንግዳው ፈርጄለት በነበር ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ሮስ አንድ ቀን አጥቦ አገሩ ገባ፣ እሱ ግን ይኸው በየበዓሉ እያጠበ ነው።