የውጭ ድግሪና የየኔታ ምክር

«ታዲያ ያስተማረህ ማነው?» አሉኝ የኔታ፣ ድግሪዬን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው እያዩ።

የኔታ አጎቴ ናቸው። ሞላሌ ውስጥ ቅኔ ያላስተማሩት ሰው ስለማይገኝ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔ ከአገሩ ተለይቼ አጎቴ ብላቸው የሚሰሙኝ አይመስለኝም። ወረቀቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ብራና አለመሆኑን አረጋገጡ። ማኅተሙን ግን ወደዱት።

«ዩኒቨርሲቲው ነው ያስተማረኝ» አልኳቸው።

«ዩኒቨርሲቲው አፍ አለው?»

ከታች የፈረሙት ፕሬዚዳንቱ መሆናቸውን አስረዳሁ። አስተምረውህ ያውቃሉ ወይ አሉኝ። አያውቁም። አይተውህስ? አላዩኝም። የኔታ ወረቀቱን ቀስ ብለው ወደ ፕላስቲኩ መለሱና፣ ሰውየው አይተውት ለማያውቁት ልጅ ያውቃል ብለው መፈረማቸው ትልቅ ድፍረት መሆኑን ነገሩኝ። በቅኔ ቤት ተማሪ ከአንድ ጉባኤ ወደ ሌላው ሲሻገር መጀመሪያ የሚጠየቀው የመምህሩን ስም ነው። መምህር ከሌለህ ከየት መጣህ?

ጭንቅላቴን ሳምስ ፊዚዮሎጂ ያስተማሩን ህንዳዊት አሮጊት ትዝ አሉኝ። ሳሪያቸው ዘወትር በጠመኔ ዱቄት ስለሚነጭ እኛ ሐበሾቹ «እማማ ጠመኔ» እንላቸው ነበር።

«እሳቸውን ያዝ» አሉ የኔታ። «ፕሬዚዳንቱን ተው።»

ከውጭ ድግሪ ይዛችሁ የተመለሳችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ላልተመለሳችሁ ልንገራችሁ። የውጭ ድግሪ ዋጋው እንደ መንገዱ ይለያያል። ህንድ አገር ባዮሎጂ ተምሬ ስመለስ ሞላሌ ላይ «ዶክተር» ነበርኩ። ደብረ ብርሃን ስደርስ «ድግሪ ያለው ልጅ» ሆንኩ። አዲስ አበባ ስገባ «የውጭ ነው? ይጣራ» ተባልኩ። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን፣ ያውም አውቶቡሱ ቁልቁል ሲወርድ።

ተጣራ። አቻ ግምት የሚባል ነገር አለ፤ የእኔ ድግሪ እዚህ ከሚሰጠው ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ይለካል። ከብዙ ምልልስ በኋላ እኩል ነው ተባለ። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሬ፣ ከቤቱ ወጥቶ ከማያውቀው የክፍል ጓደኛዬ ጋር እኩል መሆኔ በይፋ ተረጋገጠ።

ይህን የምፈልገው ለሕክምና ትምህርት ነበር። ድግሪ ያላቸውን ሰዎች ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርግ ኮሌጅ ነበረ። የጽሑፉን ፈተና አለፍኩ፤ የቀረኝ ቃለ መጠይቁ ነው። በሚቀጥለው ዙር የውጭ ድግሪ ይቀበሉ አይቀበሉ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዕድሌ ይቺው ነበረች።

ለምን ሕክምና? በእትዬ አስካለ ምክንያት። ጎረቤታችን ናቸው። አንድ ቀን ደጃፋችን ድረስ እያነከሱ መጡና «ዶክተር፣ እስኪ እየው» ብለው ያበጠ እግራቸውን ዘረጉልኝ። እኔ በደንብ የተማርኩት ቅጠል እንዴት እንደሚተነፍስ ነው። አላውቅም አልኳቸው። ሳቁ። የየኔታ ዘር መሆኔ ከትሕትናዬ እንደሚታወቅ ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ። አላውቅም ባልኩ ቁጥር አዋቂነቴ እየጨመረ ሲሄድ ክንዳቸውን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ነርሷ እግራቸውን በጣቷ ጫን አደረገች፤ የጣቷ ጉድጓድ እስኪሞላ ጠበቀች። ከዚያ ልባቸውን ማዳመጥ ጀመረች።

እግሩን አሞት የመጣን ሰው ልቡን ምን አስደመጣት?

እንግዲህ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። የሰው ልጅ በፍቅር ይነደፋል፤ እኔ በዚህ ጥያቄ ተነደፍኩ።

ለቃለ መጠይቁ ልሄድ ስል የኔታ መከሩኝ። አዲስ ጉባኤ ስትገባ መምህሩ ምን ያህል ዘልቀሃል ይልሃል፤ ምንም አላውቅም፣ ልማር ነው የመጣሁት በል። ዘልቄአለሁ ያለ ተማሪ መቀመጫ አያገኝም። የምታውቀውን ቆፍሮ ማግኘት የመምህሩ ሥራ ነው። ሂድ ቢልህ ደግሞ አትሂድ። እኔ በሆዴ ሳቅሁ። ዘመናዊ ሰው ነኝ፤ መልሶቼን በእንግሊዝኛ አዘጋጅቼ፣ እጄን የት እንደማደርግ ሳይቀር መስታወት ፊት ተለማምጄ ነበር።

ከጠረጴዛው ወዲያ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሃል ላይ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሰብሳቢ፣ በቀኛቸው ስልኩን የሚያይ ወጣት ሐኪም፣ በግራቸው ሹራብ የደረቡ ሴት ሐኪም። ሰብሳቢው ድግሪዬን አነሡና ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቁርጥ የኔታን መሰሉኝ።

«እስኪ ንገረን» አሉ፤ «ከዚያ ማዶ ምን ያህል አውቀህ መጣህ?»

«ምንም አላውቅም» አልኩ። «ልማር ነው የመጣሁት።»

ወጣቱ ስልኩን አስቀመጠ። ሰብሳቢው ወደ ጓደኞቻቸው ዞር ብለው «እኔ ምን ስላችሁ ነበር?» አሉ። ቀድሞውንም ስለ ውጭ ድግሪ ሲከራከሩ እንደነበር ገባኝ፤ ክርክሩን የረታሁላቸው እኔ ነኝ። መሄድ እንደምችል በጨዋ ቋንቋ ተነገረኝ።

እናንተው ፍረዱ። ሞላሌ ላይ የእውነቴን አላውቅም ስል ትሕትና ነው ተባለ። እዚህ በትሕትና አላውቅም ስል እውነት ነው ተባለ።

መተላለፊያው ላይ ሆኜ የኔታ ጋ ደወልኩና የሆነውን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ስል ደስ አላቸው። ደግ ብለሃል አሉ። አሁን የት እንዳለሁ ጠየቁኝ። እሳቸውንም በተማሪነታቸው ጊዜ መምህራቸው ሂድ ብለዋቸው ነበር፤ እስኪቀበሏቸው ድረስ ለመምህሩ ከብቶች ሣር እያጨዱ ቆዩ።

«እዚህ ከብት የለም፣ የኔታ።»

«የሚሠራ አይጠፋም» ብለው ስልኩን ዘጉት።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ምክራቸውን አምኜ ነው ብዬ ብነግራችሁ ዋሸሁ ማለት ነው፤ የት እንደምሄድ ስለጠፋኝ ነው። የሚሠራው ነገር ግን በእርግጥም አልጠፋም። የክፍሉ በር ገጥሞ አይይዝም ነበር። ተፈታኙ ሁሉ በእንግሊዝኛ እየተንበለበለ ይገባል፣ ፊቱ በርቶ ይወጣል፣ በሩን ጎተት አድርጎት ይሄዳል። በሩ ትንሽ ቆይቶ ሲጢጥ ብሎ ይመለሳል። ነፋሱ ይገባና ወረቀታቸውን ይበትናል። ኋላ ተነሥቼ ዘጋሁት፤ ተከፈተ። እየደጋገምኩ ስሞክር እጀታውን ትንሽ ወደ ላይ ቀና አድርገው ከገፉት እንደሚይዝ ደረስኩበት። ከዚያ በኋላ አንዱ በወጣ ቁጥር እየተነሣሁ እዘጋለሁ። አይናቅም፤ ሥራ ነው።

ለምሳ ሊነሡ ሲሉ ሴቷ ሐኪም ብቅ አሉ።

«አልሄድክም እንዴ?»

አጎቴ አትሂድ ስላሉኝ ነው አልኳቸው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት አልነበረኝም። ሊስቁ ፈልገው ተዉት። ሹራባቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ለሌሎቹ ሁሉ ቀርቦ ለእኔ ሳይደርስ የቀረ ጥያቄ መኖሩን ነገሩኝ።

«አንዲት እናት እግራቸው አብጦ ቢመጡብህ ምን ታደርጋለህ?»

«መጥተውብኛል» አልኩ።

ስለ እትዬ አስካለ ነገርኳቸው። አላውቅም ስላቸው እንደሳቁብኝ፣ ጤና ጣቢያ እንዳደረስኳቸው፣ ነርሷ ልባቸውን ስታዳምጥ እንዳየሁ። ልብ ሲደክም እግር እንደሚያብጥ ከመጽሐፍ እንዳነበብኩ፣ ግን ቁጭ አድርጎ የሚነግረኝ ሰው እንደምፈልግ። በእንግሊዝኛ ያዘጋጀሁት አንዱም ትዝ አላለኝም።

«ከጠዋት ጀምሮ የገባው ሁሉ ይቺን እግር አድኗታል» አሉ። «ሐኪም ቤት ያደረሳት አንተ ብቻ ነህ። ና፣ ግባ።»

ሰብሳቢው ሲያዩኝ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ሴቷ ሐኪም ወደ ቦታቸው ተመልሰው፣ ምሳው ትንሽ ቢዘገይ ማንም እንደማይሞት ተናገሩ። ወጣቱ ሐኪም በዚህ የተስማማ አይመስልም ነበር። ሰብሳቢው ግን ድግሪዬን ከክምሩ ሥር ጎትተው አወጡ፤ ወደ ብርሃኑም አላነሡት። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ማኅተሙን በእጃቸው ሸፍነው፣ ቀና ብለው አዩኝ።

«ፊዚዮሎጂ ያስተማረህ ማነው?»

እማማ ጠመኔን ልጠራ አፌን ስከፍት በሩ ከኋላዬ ሲጢጥ አለ። ነፋሱ ገባ፤ ወረቀቶቹ ተነሡ።

«መጀመሪያ በሩን ዝጋው» አሉ ሴቷ ሐኪም፣ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተጭነው። «እሱን እንኳ ታውቅበታለህ።»

እጀታውን ቀና አድርጌ ገፋሁት። ቋ ብሎ ተዘጋ።