የፈላስፋው ብብት

ይህችን መጀመሪያ ያጫወተኝ የሆስፒታሉ በር ጠባቂ ነው። እሱ ሲያወራ ጨው ይረሳል፤ ጨው የጨመርኩባት እኔ ነኝ፣ በጨዋታ ደግሞ የሚስተካከለኝ የለም። ብቻ ይሁን። ፈላስፋው የሚሉት አዛውንት በትኩሳት ተኝቷል። እላይ ፎቅ፣ ማዋለጃ ክፍል፣ ሴት ልጁ የመጀመሪያ ልጇን ተገላግላለች። ትኩሳት ያለበት ሰው ሕፃን ዘንድ አይወጣም። ነርሷ ለክታ ደህና ነው ካለች ወጥቶ የልጅ ልጁን ያያል፤ ካላለች ቀረ። አጠገቡ የተቀመጠው ገራገሩ የልጁ ባል አባት ነው።

ፈላስፋው፦ [ቀዝቃዛ የውሃ ጠርሙስ ብብቱ ውስጥ እየሸጎጠ] የምትለካው ብብት ነው አይደል?

ገራገሩ፦ ነው። ግን አማቼ፣ ጠዋት ነርሷ...

ፈላስፋው፦ ነርሷ ነርሷ አትበለኝ። ትኩሳትን ምን ያጠፋዋል?

ገራገሩ፦ መድኃኒት።

ፈላስፋው፦ ብርድ ነው፣ የኔ የዋህ።

ገራገሩ፦ ጥርስህ እየተንቀጫቀጨ ነው።

ፈላስፋው፦ እሱን ሻይ ያስተካክለዋል። ትኩሱን አቀብለኝ።

ገራገሩ፦ ቆይ፣ የፈለግነው ማሞቅ ነው ማቀዝቀዝ?

ፈላስፋው፦ ሆድ ሌላ፣ ብብት ሌላ። ዕድሜዬን ሙሉ ራዲያተር ስጠግን የኖርኩትን ሰው ልታስተምረኝ ነው?

ገራገሩ፦ ራዲያተሩ ነርስ አልነበረውማ። ጠዋት እኮ ስትለካህ...

ፈላስፋው፦ ስትለካኝ እኔ ሥራዋን እያስረዳኋት ነበር፤ የሷን ወሬ ማን ሰማ። ዝም በል፣ መጣች።

[ሻዩን ጨልጦ ጠርሙሱን አንሶላ ስር ደበቀ። ነርሷ ቴርሞሜትሩን ብብቱ ስር አደረገች። አየችው፤ አላመነችም። ሌላ አምጥታ አፉ ውስጥ ከተተች፤ ይሄን ደግሞ ጭራሽ አላመነችም። “አባቴ፣ በብብቱ በረዶ በአፉ እሳት የሆነ ሰው አይቼ አላውቅም” ብላ አንሶላውን ገለጥ ስታደርግ ጠርሙሱ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ “ግማሽ ሰዓት ምንም ሳይጠጡ ይተኙ፤ እንደገና እለካዎታለሁ” ብላ ወጣች።]

ፈላስፋው፦ ጉድ ሆንኩ። ይሄ ትኩሳት ባይኖርብኝ ኖሮ...

ገራገሩ፦ የለብህም እኮ። ጠዋት ያለችው እሱን ነው። “ወርዷል፤ አንዴ ላረጋግጥና ይወጣሉ” ብላ ነበር።

ፈላስፋው፦ ታዲያ ከመናገር ምን ያዘህ?

ገራገሩ፦ አንተ። [ተነሳ] በል፣ አንተ በርደህም ሞቀህም እስክትስተካከል እኔ ሕፃኗን አየት አድርጌያት ልምጣ።

[ሄዶ ተመለሰ። ፊቱ ጥርስ በጥርስ ሆኗል። ፈላስፋው ወደ ግድግዳው ዞሯል።]

ፈላስፋው፦ ቀደምከኝ። እስክሞት አልረሳልህም። [ከግድግዳው ሳይዞር] ማንን ትመስላለች?

ገራገሩ፦ አንተን። ቁርጥ አንተን።

ፈላስፋው፦ [ከትራሱ ቀና ብሎ] በምኗ?

ገራገሩ፦ ማንም ሳይጠይቃት ትጮሃለች፤ የሚነግሯትን አትሰማም።

ፈላስፋው፦ የኔ ዘር። [እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ተመቻቸ] በል፣ መቅደምህን ምሬሃለሁ።